«አናታ» አንተ ነው፣ አንቺ ነው ወይስ አንቱ? ስለ ዮኔዙ «ሌሞን» እርዱኝ

#1 ያያት ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ዓመት ሙሉ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

ጥያቄዬ ስለ ጃፓናዊው ዘፋኝ ኬንሺ ዮኔዙ «ሌሞን» (ሎሚ ማለት ነው) ነው። ለማያውቀው፣ «አንናቹራል» ለሚባል የጃፓን ተከታታይ ድራማ ተብሎ የተሠራ ዘፈን ነው። ድራማው በፈረንጆቹ 2018 ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ ዓርብ ዓርብ ማታ በቲቢኤስ ቴሌቪዥን ታየ። 10 ክፍል ብቻ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት የሚመረምሩ ሐኪሞች ታሪክ ነው። አስከሬን ይመረምራሉ፣ ሰውየው በምን እንደሞተ ያገኛሉ፣ ለቤተሰቡ ይናገራሉ።

የምኖረው ሻርጃ ነው። ሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ ሁሉም ሲተኛ በስልኬ ድራማ አያለሁ። አያቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ያሳደገኝ እሱ ነው። አባባ፣ አንተ እያልኩት ነው ያደግኩት፤ ያያት ልጅ ስለሆንኩ ማንም አልተቆጣኝም። መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው። ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን ነቅዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አልቀበርኩትም። ለቅሶም አልተቀመጥኩም። በማግስቱ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ድራማውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ያ ድምፅ ገባ። አንድም ቃል አላውቅም ነበር። ለቅሶ መሆኑን ግን አወቅኩ።

እናቴ ደሴ ናት። አንድ ቀን በቪዲዮ ስናወራ ዘፈኑ ከኋላዬ ተከፍቶ ሰማችው። «ይሄ ልጅ ማን ሞቶበት ነው?» አለችኝ። ምንም ሳልነግራት።

የአባባ ሙት ዓመት በሚመጣው ወር ነው። የዘፈኑን ሐሳብ በአማርኛ ጽፌ ልልክላት አሰብኩ። የእንግሊዝኛ ትርጉም አገኘሁ፤ እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ይገላገላል። አማርኛው ላይ ግን ገና ከመጀመሪያው ተያዝኩ። አንተ ወይ አንቺ ሳልል አንድ ግሥ እንኳን መጨረስ አልቻልኩም። ጃፓንኛው «አናታ» ነው የሚለው። የሚለቀስለት ሴት ናት? ወንድ ነው? ትልቅ ሰው ነው? የምታውቁ እርዱኝ።

#2 ናጎያ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ጃፓን ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ቃሉ የማውቀውን ልንገርሽ። «አናታ» ጾታ የለውም። ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ግን እዚህ ማንም ሰው አያቱን «አናታ» ብሎ አይጠራም። «ኦጂይቻን» ነው የሚለው፤ ልክ እንደኛ አባባ። አለቃን «አናታ» ማለት ነውር ነው። ሚስት ባሏን ግን «አናታ» ብላ ትጠራዋለች፤ እዚያ ሲሆን የፍቅር ቃል ነው። ዘፈንና ደብዳቤ ላይ ደግሞ ለማንም ይሆናል።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ዘፋኙ ራሱንም «ዋታሺ» ነው የሚለው። ብዙ ወንድ ዘፋኞች «ቦኩ» ወይም «ኦሬ» ይላሉ፤ ሲሉ የወንድ ድምፅ መሆኑ ይታወቃል። «ዋታሺ» ሴቱም ወንዱም የሚለው ነው። ስለዚህ የሚለቀስለትም አይታወቅ፣ የሚያለቅሰውም አይታወቅ። አውቆ ነው እንዲህ ያደረገው ብዬ አምናለሁ። በሩን ክፍት ትቶታል፤ የፈለገ ሰው የራሱን ሟች ይዞ ይገባል።

ለአማርኛ ተርጓሚ ግን ከባድ ነው። ገብቶኛል።

#3 ዓርብ ማታ

ነፍስ ይማር እህት። ይህን ድራማ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እስቲ እኔም የምችለውን ላዋጣ።

ለማን እንደተለቀሰ ዮኔዙ ራሱ ተናግሯል። ድራማውን የሠሩት ሰዎች ዘፈን ሲያዝዙት የጠየቁት የተጎዱ ሰዎችን በርኅራኄ የሚያቅፍ ነገር ነበር። እሺ ብሎ ጀመረ። ሥራው መሃል ላይ እያለ አያቱ ሞቱ። ወንድ አያቱ። ከዚያ በኋላ የታዘዘውን ማጽናኛ መሥራት አልሆነለትም። በመጨረሻ የወጣው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ስለሞትክ አዝኛለሁ» የሚል ዘፈን እንደሆነ ነው የተናገረው።

እኔን የሚገርመኝ፣ ለድራማውም የሚበጀው ይኸኛው መሆኑ ነው። ድራማው ማጽናኛ አያስፈልገውም ነበር፤ በውስጡ አለው። ዋናዋ ሐኪም ሚኮቶ ናት፣ ሳቶሚ ኢሺሃራ የተጫወተቻት። ልጅ እያለች ቤተሰቧን በሙሉ በአንድ ሌሊት ያጣች ሴት ናት። ግን ስታለቅስ አናያትም። ትበላለች። ትሠራለች። ነገ ሌላ አስከሬን ይመጣል። ያን ሁሉ ክፍል ሳታለቅስ ስትቆይ፣ ስለ እሷ የሚያለቅስ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዘፈኑ እሱን ሆነ።

አገባቡም ሌላ ጉዳይ ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ አይደለም የሚመጣው። እውነቱ በሚገለጥበት ደቂቃ፣ ትዕይንቱ ገና ሳያልቅ ይገባል። ሟቹ የመጨረሻ ሰዓቱ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር፣ ማንን ያስብ እንደነበር ይታወቃል። ያኔ ዘፈኑ ይጀምራል። ጸሐፊዋ አኪኮ ኖጊ፣ ዳይሬክተሯ አዩኮ ትሱካሃራ፣ ፕሮዲዩሰሯ ጁንኮ አራይ፤ ሦስቱም ሴቶች ናቸው። ትሱካሃራ ያን ድምፅ የምታስገባበትን ሰከንድ ታውቃለች።

ክፍል 5ን ያላያችሁ ሂዱና እዩ። አንድ ሰው የሚወዳትን ሴት አስከሬን ሰርቆ ይዞ ይመጣል፤ ፖሊስ ራሷን ነው ያጠፋችው ስላለው፣ እሱ ስላላመነ። ከዚያ በላይ አልናገርም።

#4 ግጥም ወዳድ

ለ#3፣ የነገርከን ሁሉ እውነት ነው። ግን «ለአያቱ ነው» ብሎ መዝጋቱን አልወደድኩትም። ግጥሙ ውስጥ «ኮይ» የሚል ቃል አለ። ኮይ የወንድና የሴት ፍቅር ነው። ማንም አያቱን በኮይ አይወድም። ድራማው ውስጥ ደግሞ ዶክተር ናካዶ አለ፤ ከስምንት ዓመት በፊት ፍቅረኛው ተገድላበት እስከ ዛሬ ገዳዩን የሚፈልግ። አራታ ኢዉራ ነው የሚጫወተው። እኔ ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው፤ ጨለማ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ። ስለዚህ ያያት ልጅ፣ አማርኛው «አንቺ» ቢሆን ስህተት የለውም። ድራማው ለናካዶ ነው ያዘዘው ማለት ይቻላል።

#5 ናጎያ

ኮይ ያልሽው ትክክል ነው፤ ቃሉ አለ። ግን አንድ ሰው አያቱ ሞተውበት ሲጽፍ፣ ያን ቃል የመረጠው ለምን ይመስልሻል? እኔ የሚመስለኝ፣ ሐዘኑ ልክ ፍቅረኛውን ያጣ ሰው ያህል ሆኖበት ነው። ካሰበው በላይ ይወዳቸው እንደነበር ያወቀው ሲሞቱ ነው። ያን መጠን የሚሸከም ሌላ ቃል አላገኘም።

#6 ክራር

ቃሉን ለእናንተ ትቼ ስለ ዜማው ልበል።

መጀመሪያ፣ ዘፈኑ መግቢያ የለውም። ጊታር የለ፣ ፒያኖ የለ፤ ቀጥታ በድምፅ ነው የሚጀምረው። አንድ ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ድንገት መናገር የጀመረ ያህል ነው። #3 ያልከው አገባብ የሠራው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ዳይሬክተሯ ሃያ ሰከንድ መግቢያ መጠበቅ አይኖርባትም። ተዋናዩ ትንፋሹን ሲስብ ዘፈኑ መጀመር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስንኞቹ መሃል «ዌ» የሚል አጭር ድምፅ አለ። ሰምታችሁታል? የተቆረጠ የሰው ድምፅ ነው። እዚያ ቦታ መሆን የሌለበት ይመስላል። መጀመሪያ ስሰማው ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ያለሱ መስማት አልችልም። ለእኔ ያለቀሰ ሰው ንግግሩ መሃል ላይ ሳያስበው የምታመልጠው ሳግ ናት። ዜማው በጣም ያማረ ነው፤ ያቺ ድምፅ ባትኖር ማማሩ ይበዛበት ነበር።

ሦስተኛው ስለ ቅኝት ነው። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት አለ። አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለት ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቀራል። ይህ የኛ የትዝታ ቅኝት ነው፤ አንድ ድምፅ አይለይም። ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉም እነሱ ዘንድ አለ፣ እኛም ዘንድ አለ። የድሮ ኤንካ ዘፈኖቻቸው ላይ ክራር ብታስገቡ ይሄዳል፤ ሞክሬዋለሁ። ዮኔዙም ይህን ቅኝት ይወደዋል። በዚያው ዓመት ለልጆች የሠራው «ፓፑሪካ» በዚህ ቅኝት ነው የተዋቀረው። «ሌሞን» ላይ ግን ከሥር ያለው የፒያኖ ስምምነት ሰባቱንም ድምፅ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ትዝታ ነው አልልም። ሆኖም የእናትሽ ጆሮ ለምን ለቅሶ መሆኑን ወዲያው እንዳወቀ ትንሽ ይገባኛል።

#7 ዝምታ

ሁላችሁንም አክብሬ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለቴሌቪዥን ድርጅት ታዝዞ፣ ተከፍሎት የተሠራ ዘፈን ነው። እኔ ታዝዞ የመጣ ሐዘን ማመን ይከብደኛል። አያታቸው የሞቱት እውነት ይሆናል። ግን ዘፈኑ ያለ ድራማው ይኖር ነበር?

#8 የድሮ ተማሪ

ልጄ ዝምታ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ልመልስልህ።

እኔ ቶኪዮ የተማርኩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ክረምቱ ሲበርድ ሰኞ ማታ መንገዱ ጭር ይል ነበር። በ1991 ፉጂ ቴሌቪዥን «የቶኪዮ የፍቅር ታሪክ» የሚባል ድራማ ያሳይ ነበር። ማጀቢያውን የሠራው ካዙማሳ ኦዳ ነው። እሱም ታዝዞ ነው የሠራው። የጊታሩ መግቢያ ገና ጠብ ሲል መኝታ ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ያኔ ነጠላ ዘፈን የሚሸጠው ትንሽዬ ሲዲ ላይ ነው፤ የመዳፍ ያህል። ሽፋኑ ረጅምና ጠባብ ካርቶን። የኦዳን የገዛሁት የአንድ ቀን ምሳዬን ትቼ ነው። እስከ ዛሬ አለኝ፤ ካርቶኑ መታጠፊያው ላይ ነጭ ሆኗል። ያ ዘፈን ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። በዚያው ዓመት የቻጌና አስካ «ሴይ የስ» ሌላ ድራማ ላይ መጣና 13 ሳምንት ተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1999 ደግሞ ሂካሩ ኡታዳ፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ፣ «ፈርስት ላቭ»ን ለድራማ አበረከተች። እዚያ አገር ትልልቆቹ የፍቅር ዘፈኖች ብዙዎቹ የድራማ ማጀቢያ ናቸው። «ሹዳይካ» ይሉታል። ሦስት ወር በየሳምንቱ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲሰሙት የሰው ሕይወት ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አገራችን ሙሾ አውራጅ ታውቃለህ። ተጠርታ ነው የምትመጣው። ሟቹን ላታውቀው ትችላለች። የሚሰጣትም ነገር አለ። ለቅሶው የሰው ነው። ግን ሙሾውን ስታወርድ የምታለቅሰው የራሷን ሟች ነው። እናቴ ሁልጊዜ «በሰው ለቅሶ የራሷን አለቀሰች» ትል ነበር፤ ነቀፋ አልነበረም። ለቅሶው ልክ የሚመጣው በዚህ ነው ማለቷ ነበር። ይህ ልጅም ለሰው ለቅሶ ተጠርቶ ሄደ። መንገድ ላይ እያለ የራሱ ቤት ለቅሶ ሆነ። ታዲያ የቱ ነው የታዘዘው፣ የቱ ነው የራሱ?

#9 ዝምታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከትናንት ጀምሮ ይህን መልስዎን ሳስብ ነው የቆየሁት። አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ የጎረቤታችን ሰውዬ ቀብር ላይ ነው ያለቀስኩት፤ ሰው ሁሉ ገርሞት ነበር። ተቀብያለሁ።

#10 ዓርብ ማታ

ጋሼ ይህን ካሉ በኋላ ምን ይጨመራል። አንዲት ነገር ብቻ ላክል፤ ስለ ዘፈኑ ባለቤትና ስለ አገሩ ናት።

ዮኔዙ የቶኩሺማ ልጅ ነው። ከቴሌቪዥን የራቀ ሰው ነበር። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ «ሃቺ» በሚል ስም፣ ኮምፒውተር በሚዘፍነው ቮካሎይድ ነው ሥራውን ያወጣ የነበረው፤ ፊቱን የሚያውቀው አልነበረም። «ሌሞን» በፌብሩዋሪ 2018 በኢንተርኔት ወጣ፣ ሲዲው ማርች 14 ላይ፣ ከድራማው መጨረሻ ሁለት ቀን ቀድሞ። የቢልቦርድ ጃፓን የ2018 አንደኛ ሆነ። በ2019ም እንደገና አንደኛ ሆነ። በዚህ መሃል፣ በ2018 የዓመቱ መጨረሻ ሌሊት፣ ጃፓን ሁሉ በሚያየው የኤንኤችኬ የ«ኮሃኩ» ዝግጅት ላይ እንዲዘፍን ተጠየቀ። በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲዘፍን የመጀመሪያው ነበር። ቶኪዮ አዳራሹ አልመጣም። አገሩ ቶኩሺማ፣ ናሩቶ ከተማ፣ ኦትሱካ ሙዚየም ውስጥ ሆኖ ዘፈነው። እዚያ የሲስቲን ጸሎት ቤት በሙሉ መጠኑ በሸክላ ሰሌዳ ተሠርቶ ቆሟል። ዙሪያውን ሻማ በርቶ ነበር። አያቱ ለሞቱበት ዘፈን ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ እንደ ተዝካር ነው ያየሁት።

#11 ግጥም ወዳድ

እሺ፣ በ#4 ያልኩትን ትንሽ ላለዝበው። ግን ያያት ልጅ፣ ስለ ርእሱ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። «ሎሚ» ብለሽ ብቻ ብትጽፊላት እናትሽ የሚታያት ሌላ ነው። ለኛ ሎሚ ጥምቀት ነው። ወንዱ ሎሚ ወርውሮ የወደዳትን ደረት የሚመታበት። የጨዋታ ነገር ነው፣ የልጅነት። ለቅሶ አይመጣብሽም።

ግጥሙ ደግሞ የሎሚው ሽታ «መራራ» ነው ይላል። አማርኛ ሎሚን መራራ አይልም፤ ኮምጣጣ ነው የሚለው።

#12 ናጎያ

የሚገርምሽ፣ ጃፓንኛም አይልም። ሎሚ «ሱፓይ» ነው፣ ኮምጣጣ። እሱ ግን «ኒጋይ» አለ፣ መራራ። ያውም ጣዕሙን ሳይሆን ሽታውን። ጃፓኖቹም ሲሰሙ ትንሽ ይነቃሉ። ስለዚህ አማርኛው ላይ «ኮምጣጣ» ብለሽ አታስተካክዪው። መራራ ይሁን። እንግዳ ሆኖ ይቆይ። ልጣጩን ጥርስሽ ላይ ያደረግሽ ጊዜ የሚመጣው ነው፤ ፍሬው ካለቀ በኋላ የሚቀረው።

#13 ክራር

ግጥም ወዳድ፣ ሎሚ ለቅሶ ቤት የለም እንዴት ትያለሽ? አክስቴ ስትሞት እናቴ ራሷን ሳተች። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧት። አንዷ ከመቀነቷ ሎሚ አውጥታ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችውና አፍንጫዋ ሥር አስጠጋች። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሎሚ ልጣጭ ሲፋቅ ከሸተተኝ ያቺ ግቢ ናት የምትመጣብኝ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የእናቴ ነጠላ። መራራ ሽታ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጃፓንኛ አላስፈለገኝም።

#14 ግጥም ወዳድ

ክራር፣ ይህንስ ረስቼው። አውቶቡስ ላይ ሲያጥወለውለን እንኳን ሎሚ ነው የምናሸተው። ይቅርታ። ሎሚ ይባል።

#15 ያያት ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ሥራ በዝቶብኝ አልገባሁም ነበር። ዛሬ ሁሉንም ካነበብኩ በኋላ ኩሽና በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደግ ለቅሶ ነው።

የጋሼን ነገር ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ለአባባ ያለቀስኩት ለካ በማላውቃቸው ሰዎች ነው። በ10 ክፍል ውስጥ በሞቱት ሁሉ። እያንዳንዱ ሲሞት ያ ዘፈን ይመጣል፣ እኔ አባባን አስባለሁ። አሥር ጊዜ ለቅሶ ተቀምጫለሁ ማለት ነው።

«አንተ» ብዬ ልጽፈው ወስኛለሁ። ቃል በቃል አልተረጉመውም፤ አልችልምም። የተቆረጠውን ሎሚ ግን እተወዋለሁ። ሁለት ላይ ተቆርጦ አንዱ ወገን የቀረ ፍሬ፣ እሱን እናቴ ትረዳዋለች። መጨረሻ ላይ ዛሬም ብርሃኔ ነህ ይላል። እሱንም እተወዋለሁ። ሌላውን በራሴ አማርኛ አወራላታለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሙሾ ላይ ትልቅ ሰው አንተ ይባላል ወይስ አንቱ?

#16 የድሮ ተማሪ

ልጄ፣ እኔ በሰማሁት ለቅሶ ሁሉ፣ በሕይወት ሳለ አንቱ ይባል የነበረው ሽማግሌ እንኳን በሙሾው አንተ ሲባል ነው የሰማሁት። ጥሪ ነዋ። እግዚአብሔርንም አንተ ነው የምንለው። በሩቅ ያለን ሰው በክብር ቃል አትጠሪውም፤ አይሰማሽም። አንተ በዪው።

#17 ዓርብ ማታ

ያያት ልጅ፣ የጻፍሽውን እዚህ ካስቀመጥሽልን ደስ ይለናል። ካልፈለግሽም ይቅር፣ የእናትሽ ነው።

በነገራችን ላይ ድራማው ካለቀብሽ፣ እነዚያው ሦስት ሴቶች በ2020 «ሚዩ 404» ሠርተዋል፤ ማጀቢያው የዮኔዙ ነው። በ2024 ደግሞ «ላስት ማይል» የሚል ፊልም፤ እሱም ላይ ዮኔዙ አለ። ሚኮቶንና ናካዶን ፊልሙ ላይ መልሰሽ ታገኛቸዋለሽ። እኔ ሲኒማ ቤት ሳያቸው ዘመድ ያየሁ ያህል ነው የሆንኩት።

#18 ያያት ልጅ

ሙት ዓመቱ ትናንት ሆነ።

የጻፍኩት አንድ ገጽ አይሞላም። ከሁለት ቀን በፊት በዋትስአፕ ላክሁላት። እናቴ ማንበብ ትችላለች፣ ግን ቀስ ብላ ድምፅ አውጥታ ነው የምታነበው። ትናንት ማታ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ደወለችልኝ። ጠላው ገና እየሸተተ ነው አለች። መነጽሯን አደረገች። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፋው፣ የታናሽ እህቴን ስልክ ይዛ ጽሑፉን ከእሱ ላይ ማንበብ ጀመረች።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የሰማሁት ሌላ ነገር መሰለኝ። ከዚያ ልብ ስል፣ የጻፍኩትን አይደለም የምታነበው። «ሄድክ» ያልኩትን «ሄዱ» ትለዋለች። «ተውከኝ» ያልኩትን «ተዉኝ»። እያንዳንዱን ግሥ እያነሳች በአንቱ ታስቀምጠዋለች። አታቆምም፣ አታስብም። አባባ አባቷ ነው። በሕይወቷ ሙሉ አንቱ ነው ያለችው።

ሎሚው ጋ ስትደርስ ቆመች። «ግማሹ ሎሚ» አለች፣ ለራሷ። ቀጠለች።

መጨረሻው ላይ «ዛሬም ብርሃኔ ነዎት» አለች። መነጽሯን አወለቀች። «በይ አሁን ደግሞ ልጁን ክፈቺልኝ፣ ይዝፈን» አለችኝ።